ሽማግሌ የተደገፉት ግድግዳ

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው ብል የሚቆጣኝ ይኖር ይሆን? ቢኖርም ልበለው። ግድግዳው ውስጥ ውስጡን እየበሰበሰ፣ በመንገዱ በኩል ቀለም ቀብቶ «ቤቴን አሳደስኩ» የማይል ባለቤት አላየሁም። ውስጡን ለቄስ ይባል የለ? እኔማ ለቄስም አላሳየሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቴ የጭቃ ቤት ነው፤ ዳሩ ግን የጭቃ ቤት ባለቤት መባሉ ስላልተስማማኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭውን በሲሚንቶ አስለስኜ፣ በላዩ ደህና ቀለም አስቀባሁት። ከዚያ ወዲህ ከበሩ በስተቀኝ ያለው፣ ዝናቡ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ በየክረምቱ ያብጣል፤ ቀለሙ ይነፋና ይፈነዳል፤ ከዚያ እንደ ድንች ልጣጭ ይረግፋል። እኔም መስከረም በጠባ ቁጥር እቀባዋለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዝናብ ከየት እንደሚነሣና በየትኛው ነፋስ እንደሚነዳ ስንት ዘመን ለተማሪ አስረድቻለሁ። የት እንደሚገባ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ባለቤቴ የሺ ጠይቃለች። «ይኼ ግድግዳ ታሟል፤ ስነካው ጣቴ ይሰምጣል» አለችኝ። እንግዲያው አትንኪው አልኳት።

ዘንድሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ማስተዋልን ለማጨት እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሐሙስ ዕለት ሰማን። ልጁ አማረ ይባላል፤ ወላጆቹ የሚኖሩት ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ነው፣ እሱ እዚሁ ከተማ ይሠራል። የሺ ስለ ድግሱ ስታስብ እኔ ወጥቼ ግድግዳውን አየሁት። ቀለሙ የረገፈበት ቦታ ካርታ ሆኗል፤ የቸገረኝ የየትኛው ሀገር እንደሆነ መለየት ብቻ ነው። ቀለም ቀቢ ጠራሁ። መታ መታ አድርጎ አዳመጠና፣ መጀመሪያ ይፋቅ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይምታው አለኝ። ሽማግሌ ሦስት ሳምንት ውጭ ይቆማል እንዴ? ብዬ ስጠይቀው፣ «እርጥብ ላይ ቀብቼ ስሜን አላጠፋም» ብሎ ብሩሹን ይዞ ሄደ። ቅዳሜ ራሴ ስቱኮ ለቅልቄ ራሴ ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር አማረልኝ። የሺ ከበሩ ቆማ አየችውና «በል እንግዲህ ማንም እንዳይነካው ጸልይ» ብላ ገባች።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የልጁ አጎት አቶ አያሌው ናቸው፤ እንደ ዋርካ የገዘፉ ሰው። ግቡ አልኳቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ያላወቅሁት አቶ አያሌው ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነው። ንግግሩ «ልጅዎን ለልጃችን» ከሚለው ላይ ሲደርስ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ዘመም አሉ። አይደገፉት ልበል? ምን ብዬ? ገና ስጠራጠር ትከሻቸው ሰመጠ።

ልስኑ እንዳለ እንደ ትልቅ እንጀራ ተገንጥሎ ወረደ። ጭቃው ተከተለ። የሽማግሌው ክንድ እስከ ክርኑ መኝታ ቤታችን ገባ።

አቧራ እንኳ አልተነሣም፤ እርጥብ ነበራ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎትተው አወጧቸው፤ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ከጋቢያቸው በቀር የተጎዳ የለም። ያኔ በቀዳዳው አየሁ። ጓዳ ሁኚ ብዬ የላክኋት ማስተዋል ነጠላዋ ጭቃ ለብሶ፣ ጆሮዋን ግድግዳው ወደነበረበት እንዳዘነበለች ደርቃ ቆማለች። ከኋላዋ እናቷ።

እኔ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ዘመድ ላማክር፣ ልጅቱንም ልጠይቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ የሚል። አቶ አያሌው ክንዳቸውን እየጠረጉ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አዩዋት።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ አባባ። እርስዎስ ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም። የተናገርነውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

እኔን አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋ አድርጋ «እሺ» አለች።

ግድግዳው መፍረሱ አስደንግጦኝ ነበር፤ ይህች ቃል ግን የባሰ አስደነገጠችኝ። ያቺ ትንሽ ልጄ ሐሳቧን የቆረጠችው መቼ ነው? አንድ ቤት ስንኖር፣ አንድ ማዕድ ስንበላ እኔ የት ነበርኩ? ያዘጋጀሁት መልስ ጠፋብኝና «እንግዲህ ግቡ» ብቻ አልኩ።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቀመሱ። አቶ አያሌው ግን ልባቸው ውጭ ቀረ። በወጣትነታቸው ቤት ሠሪ ነበሩ ለካ። ተነሥተው ወጡና ጭቃውን ፈረፈሩት፣ አሸተቱት፤ አንድ ማገር መዘው እንደ ዳቦ ቆሎ ሰበሩት።

«መምህር፣ ይህን ቤት ማን አፈነው?» አሉኝ።

የሰበሩትን ማገር ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲያይ መልሶ ይተፋል። እርስዎ አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት፤ በላዩ በቀለም አሸጉት። ውሃው በየት ይውጣ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ተማሪ ፊት ስንቴ ተርቼዋለሁ መሰላችሁ?

በሳምንቱ አቶ አያሌው አማረን አስከትለው ተመለሱ። ሲሚንቶውን በሙሉ አራገፍነው፤ የበሰበሰውን እንጨት ለወጥን፤ ከጣሪያው ሥር አሸንዳ አሰርን፤ በግድግዳው ሥር የከመርኩትን አፈር ጠርገን ቦይ ቆፈርን። ከዚያ የጤፍ ጭድ የገባበትን ጭቃ ሱሪዬን ሰብስቤ ረገጥኩ። ተማሪዎቼ በመንገድ ሲያልፉ አንድም አልሳቀም፤ ቆመው በአክብሮት እጅ ነሱኝ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ምርጊቱ ሲያልቅ ሠርጉ መቼ ይሁን አልኩ። አቶ አያሌው እጃቸውን እየታጠቡ፣ ግድግዳው ደርቆ ኖራ ሳይቀባ ሠርግ የለም አሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔን ነው። ተስማማሁ።

የጎጃም ዝናብ ግን ቀጠሮ አያከብርም፤ ጥቅምት ገብቶም ያካፋል። አማረ በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ይላል። መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል፣ ገና አለመድረቁን ሲያውቅ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ሰላምታ ሰጥቶን ይሄዳል። ትናንት ማስተዋል በመስኮት ስታየው ቆየችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ የእኔን እጅ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ይዞት አያውቅም» አለች።