ለፍቺ የሚሆን ምርቃት

እኛ ሽማግሌዎች የምናውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እርቅ የሚወስደው። የተጣላ ሰው አምጡልን፤ ግራ ቀኙን ሰምተን፣ ትንሽ ተቆጥተን፣ ትንሽ ለምነን፣ ጉልበት አሳስመን እንመልስላችኋለን። «በሰላም አለያዩን» ያላችሁን ቀን ግን ጉዳችን ፈላ።

እዚህ መሐል ሜዳ ጥላዬና የሺ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እሷ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እሱ ከፈትሉ ባና ይሠራል። የመንዝን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ባና እንዴት ያለ የብርድ ልብስ እንደሆነ አልነግረውም፤ የማያውቅ ደግሞ ኅዳር ላይ መጥቶ አንድ ቀን ይደርና ይየው። ሁለቱ ልጆቻቸውን ድረው ጨረሱና ጠብ ጀመሩ። እንደ ዋዛ ያለ ጠብ እንዳይመስላችሁ። እሱ የፈተለችውን አውጥቶ ዝናብ ላይ ጣለው። እሷ መወርወሪያውን ደበቀችበት። ማጉን በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የምትወስደው መወርወሪያ ከሌለች ሸማኔ ምን ሊሠራ ነው? ወር ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛዋ ጩኸታቸው ሲበዛባቸው፣ «ሽማግሌ ፊት ንብረታችሁን ተካፍላችሁ፣ ተስማምታችሁ ተመለሱ» ብለው ሰደዷቸው።

ሽማግሌዎቹ የነፍስ አባታቸው አባ ተክሌ፣ ጥራጥሬ ነጋዴው ጋሽ ዘነበና ጡረታ የወጣሁት አስተማሪ እኔ ነበርን። እኔን ለብልህነቴ የመረጡኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ለካ በሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው ሰው ጠፍቶ ነው!

ዳኛዋ ያሉት «ተካፈሉ» ነው፤ እኛ ግን ልማድ ሆኖብን እርቅ ጀመርን። ስለ ልጆቹ ተናገርን፣ ስለ ጎረቤት ወሬ ተናገርን፣ አባ ተክሌማ ስለ ሠርጋቸው ቀን ሲያወሩ እንባቸው መጣ። ባልና ሚስቱ ባሰባቸው። በሁለተኛው እሑድ ጥላዬ በርጩማ አንስቶ ሊወረውርባት ሲያጎነብስ ጋሽ ዘነበ ቀድመውት ቁጭ አሉበት፤ በሽምግልናችን እስከዚያ ቀን የሠራነው ቁም ነገር እሱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው እሑድ የሺ ተነስታ ቆመች።

«አባቶቼ፣ ታረቁ ባላችሁን ቁጥር ቤት ገብተን እንደ አዲስ እንጣላለን። እኔ ይኼን ሰውዬ መጥላት ደከመኝ። ሳልጠላው ልለየው ነው የምፈልገው። ይኼንኑ ስጡኝ።»

እኔ በበኩሌ አፈርኩ፤ ሁለት እሑድ ሙሉ የምትፈልገውን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ተማሪዎቼ ለአንድ ዳቦ ሲጣሉ አንዱን አስቆርሼ ሌላውን አስመርጥ ነበርና ይኸው ትዝ አለኝ። ጥላዬ ይክፈል፣ የሺ ትምረጥ ተባለ። ዕቃው ግቢ ውስጥ ወጣ። ጥላዬ የመኖሪያ ቤቱን ቁልፍ አስቀመጠ፤ በጎቹንም ወደዚያው ነዳ። በሌላው ወገን የመንገድ ዳሯን ጠባብ ቤት ቁልፍ፣ የባሕር ዛፉን መሬት ወረቀትና የሽመና ዕቃውን አደረገ። ተንኮሉ ገባን። ትልቁን ድርሻ አሳይቶ የሽመና ዕቃውን ለራሱ ማስቀረቱ ነው። እሷ ግን ልትጎዳው ከፈለገች ያቺን ትንሿን ወገን ማንሳት ብቻ ይበቃታል፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ እንጀራው አለቀ ማለት ነው። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላቦት አወጣ።

የሺ በቀጥታ ወደ ሽመና ዕቃው ሄደች። ጋሽ ዘነበ ክንዴን ጨመቁኝ። ከነጠላዋ ሥር መወርወሪያዋን አወጣችና ከዕቃው ላይ አስቀመጠች።

«ይቺም የዚህኛው ወገን ናት» አለችና ተመልሳ የመኖሪያ ቤቱን ቁልፍ አነሳች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ዞረች። «አንተ ካልሠራህ ፈትሌን ማን ሊገዛኝ ነው?»

ጥላዬ ፊቱን አዞረ። ሲያለቅስ አይተነዋል፤ አላየንም።

የቀረው ምርቃት ነው። ሁለቱ ጎንበስ አሉ። አባ ተክሌ ተነሱ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ አርባ ዓመት የለመዱትን አወረዱት፦ «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ! ትዳራችሁን ይባርክላችሁ!»

«አሜን!» አሉ ሁለቱም እኩል።

ከዚያ ቀና ብለው ተያዩ። መጀመሪያ የሺ ናት የሳቀችው። ጥላዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አባ ተክሌ «ይቅር ይበለኝ፣ ለፍቺ የሚሆን ምርቃት ማን አስተማረኝ!» እያሉ ራሳቸውም ሳቁ። ከሣቃቸው ሲመለሱ «እንግዲያው በየቤታችሁ ደስ ይበላችሁ» አሉ፤ እኛም አሜን አልን።

አልታረቁም። ደስ ብሏቸው ተፋትተዋል። ጥላዬ ግን ዛሬ በገበያ ቀን ፈትሉን እያነሳ፣ «እንደ የሺ የምትፈትል በመንዝ አለች?» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። በትዳራቸው ዘመን አንዲት ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ይኼ ነገር ከነከነኝና በሰማሁት ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳ ስንበላ፣ «ወጥሽ እኮ እንዴት ይጣፍጣል!» አልኳት ለባለቤቴ። በሠላሳ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ትክ ብላ አየችኝ።

«ሽማግሌ እነማንን መርጠሃል?»