ጋሼ አንቀጽ በገዛ አንቀጻቸው እንደ ተከበቡ

ዘመነ ወረቀት አልፎ፣ ዘመነ ፍላሽም አርጅቶ፣ ዘመነ የይለፍ ቃል በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ወሩ በባተ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ ሊቀ ፖሊሲ፣ አባ ረቂቅ፣ ሞአ ኮሚቴ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ ጋሼ አንቀጽ የሚባሉት የቴክኖሎጂ ፖሊሲ ምሁር፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በሥራ በዋሉባት በመጨረሻዋ ዕለት የፈጸሙትን ገድል እንጽፋለን፤ እኛም ጸሐፊው ያየነውን እንጂ የሰማነውን አንጨምርም፤ ከጨመርንም ጥቂት ነው፣ እሱም ለማሳመር ነው።

ይህ ጀግና ገና በሕፃንነታቸው የአባታቸውን ሬዲዮ ፈትተው መልሶ መግጠም ቢያቅታቸው፣ ሬዲዮ መፍታት ለማን እንደሚፈቀድ የሚደነግግ አምስት ገጽ ደንብ ጻፉ፤ አባትየውም አምስቱንም ገጽ ጠቅልለው አናታቸውን ቢሏቸውም፣ ሙያቸው በዚያች ቀን ተለየ። ወእምዝ አደጉ፣ ተማሩ፣ ባሕር ማዶም ተሻግረው ተመለሱ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማሩ፤ ካሜራ ማንን ማየት እንደሚገባው፣ ስልክ የማንን ወሬ መስማት እንደሌለበት፣ ማሽንም በሰው ላይ ብቻውን እንዳይፈርድ ሰባት ፖሊሲ አረቀቁ። ከሰባቱ አምስቱ መሳቢያ ገቡ፣ አንዱ ከነመሳቢያው ጠፋ፣ በሥራ ላይ የዋለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዩኒቨርሲቲው የይለፍ ቃል ፖሊሲ ነው።

ይህ ፖሊሲ እንዲህ ያዛል፤ የይለፍ ቃል በየሠላሳ ቀኑ ይሞታል፤ ሳያድሰው የሞተበት ሰው አስቀድሞ ለራሱ ያስመዘገበውን ምስጢራዊ ጥያቄ መልሶ ይገባል፤ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ግን በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ዘጠና ቀን ይዘጋበታል፣ ለማንም፣ በምንም ምክንያት፣ ልዩ ፈቃድ አይሰጥም። ዲኑ ራሳቸው ተዘግቶባቸው ደጅ ቢጠኑ፣ ሽማግሌ ቢልኩ፣ ጋሼ አንቀጽ ወይ ፍንክች! ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚለውን ተረት ሰምተውት ነበር፤ ግን ተረት ምንጭ አይጠቀስለትም ብለው ናቁት።

ለዚህ ሁሉ ክብር የጎደለች አንዲት ነገር ነበረች፤ ፕሮፌሰር አልተባሉም። ማመልከቻቸው ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ አንዴ ፊርማ ጎድሎት፣ አንዴ ማኅተም በዝቶበት፣ አንዴም ያለ ምክንያት። አሁን ሁሉ ተሟልቶ የቀረው ፋይሉን በዚያች ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኮምፒውተር መላክ ነበር፤ ካለፈ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ ይወጣሉ፣ ተባባሪ ሆነውም ይቀበራሉ። ፕሮፌሰርነቱ እንደ ልጅ ነበር የሚያምራቸው፤ አንዳንዴ በር ዘግተው ማዕረጉን ከስማቸው ጋር ጮክ ብለው ይሞክሩት እንደ ነበር የቢሯቸው ጸሐፊ መስክራለች።

ወበይእቲ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የይለፍ ቃላቸውን ቢያስገቡ፣ ለካ ሳያድሱት በዚያው ጧት ሠላሳ ቀን ሞልቶት ሞቷል። ሥርዓቱም ጥያቄውን አወጣ፤ በዓለም ላይ እጅግ የሚወዱት ነገር ምንድን ነው? ጋሼ አንቀጽ ፈገግ ብለው "መጽሐፍ" ብለው ጻፉ። ቀይ መጣ። "ነፃነት" አሉ። አሁንም ቀይ መጣ። በዚህ ጊዜ ላብ አጠመቃቸው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ለተማሪዎቻቸው ሁሉ፣ ለምስጢራዊ ጥያቄ እውነት አትመልሱ፣ እውነትን ጎረቤትም ያውቀዋል፣ ዋሹ፣ ብለው ያስተማሩ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩትንም ፈጽመው ዋሽተው ነበር፤ የዋሹት ውሸት ግን ጠፋባቸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደል!

አንድ ሙከራ ቀረች። ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ዘመቻ ታወጀ። ሰልፉም እንዲህ ነበር፤ ከፊት የቢሮው ተላላኪ የማመልከቻውን ማኅደር በደረቱ አቅፎ፤ ቀጥሎ ሁለት ረዳት መምህራን ላፕቶፑን እንዳይዘጋ ክፍቱን በአራት እጅ ተሸክመው፤ ሦስተኛው ረዳት ከኋላ ኋላቸው ቻርጀሩን እየጎተተ፤ ጸሐፊዋ የፖሊሲውን ቅጂ ይዛ፤ መካከል ላይ ጋሼ አንቀጽ መነጽራቸውን አናታቸው ላይ ሰቅለው መነጽር እየፈለጉ፤ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት እመት ሒሳብ፣ የቢሮውን መጻሕፍት ሊያግዙ መጥተው ካርቶን እንደ ታቀፉ።

የክፍሉ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች። ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው፣ ጉዳዩንም ሰማች፣ ቀጥላም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ይህን አወጀች።

"ጋሼ፣ አንጀቴ እየተቃጠለ ነው፤ ግን ምን ላድርግ? አንቀጹን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ዲኑን ዘጠና ቀን ያስቀመጥኳቸው በእርስዎ ቃል ነው። እርስዎ ራስዎ ይለፍ ካሉኝ ግን፣ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ!"

አንድ ቃል ቢናገሩ ይከፈት ነበር። ጋሼ አንቀጽ ሰዓቱን አዩ፣ ማኅደሩን አዩ፣ ከዚያም አከርካሪያቸውን አቅንተው፣ "ለእኔ ተብሎ አንቀጽ አይጣስም! ፕሮፌሰርነቱም ገደል ይግባ!" ብለው አወጁና ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

ይኼኔ እመት ሒሳብ ካርቶናቸውን አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ክፍል ሰሌዳ ፊት ቆመው አወጁ።

"ስሙኝማ! ይኼ ሰውዬ መዋሸት አያውቅበትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር የሰማሁበት ውሸት አንድ ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ሲያመሽ የት ነበርክ ስለው ሁሌ ያቺኑ ነው የሚለኝ። ሌላ ከየት ያመጣል? ስብሰባ ብላችሁ ጻፉ!"

ኧረ በሕግ አምላክ! ጋሼ አንቀጽ ደማቸው ከፊታቸው ሸሸ። ማክሰኞና ሐሙስ ስብሰባ ኖሮ አያውቅም፤ እሳቸው በሁለቱም ቀን ከጎሚስታው ሱቅ ጓሮ፣ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ ያውም እየተበሉ። አሁን ጭንቀታቸውን ተመልከቱ፤ ቃሉ ስሕተት ቢሆን ማዕረጉ በዚያው ቀረ፤ ትክክል ቢሆን ደግሞ የሠላሳ ሁለት ዓመት ውሸት በተማሪ፣ በተላላኪና በሚስት ፊት በማሽን ይረጋገጣል። ኧረ ቃሏ እሷ አይደለችም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ረዳቶቹ ሊጽፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ጋሼ አንቀጽ ከለከሏቸው፤ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ስበው፣ አሥራ አንድ ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ በገዛ ሌባ ጣታቸው አራቱን ፊደል አንድ በአንድ ለቀሙና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት።

አረንጓዴ በራ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ፋይሉ ሄደ፣ ደረሰ የሚል መልስም መጣ፤ ተላላኪው ጸሐፊዋን አቀፈ፣ ኃላፊዋም አለቀሰች። ጋሼ አንቀጽ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እንዲህ ሰው በተሰበሰበበት ይጠራል ብለው አላሰቡም። እመት ሒሳብም ጭብጨባው ጋብ እስኪል ታገሡና የዕለቲቱን የመጨረሻ አዋጅ አስነገሩ።

"እንኳን ደስ ያለህ ፕሮፌሰሬ። የጎሚስታው ሚስት ተማሪዬ ነበረች፤ የዳማውን ነገር ከተጋባን ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። በል፣ ማክሰኞ እኔም ስብሰባ እመጣለሁ።"

እነሆ፣ መንደር የያዙ ጀግኖች ብዙ ናቸው፣ ኮሚቴ የረቱም አይጠፉም፤ የገዛ ደንቡን አላስጥስም ብሎ ውሸቱን በገዛ ጣቱ የፈረመ ግን እኛ ከአንድ በቀር አላየንም። ሊቀ ፖሊሲ፣ አባ ረቂቅ፣ ሞአ ኮሚቴ፣ ክብሩ ይብዛ፣ ጡረታው ይለምልም! ደግሞም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያወቁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማታ ራት አሙቀው፣ "ስብሰባው እንዴት ነበር?" ብለው ሲጠይቁ ለኖሩት ለእመት ሒሳብ ምስጋናው ከዚያ ይልቃል።