መርዶ በእሳት አደጋ ጣቢያ

ክፉ ወሬ እጁ የገባ ሰው ምን ያድርግበት? ለፈረንጅ መልሱ ቀላል ነው፤ ስልኩን ያነሳል፣ ይናገራል፣ «አዝናለሁ» ይላል፣ ይዘጋል። እኛ ግን ክፉ ወሬን እንደ ጠላ ቀኑ እስኪደርስ እናቆየዋለን። ሽማግሌ ይፈለግለታል፣ ዕለት ይመረጥለታል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ትውለድ፣ ከታመመ ይሻለው ይባላል። አገር ሙሉ ያወቀውን ሞት በመጨረሻ የሚሰማው የሞተበት ሰው ነው። ይህ ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፤ ርኅራኄ ነው። አባቴ እንኳ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በየደብዳቤው የሚመክረኝ አባቴ፣ የገዛ ወንድሙን ሞት የሰማው ተዝካሩ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ «ደግ አደረጉልኝ» ይላል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ አንድ ሕንፃ ላወራችሁ ብዬ ነው። እዚህ በስደት በምንኖርበት በፈረንጅ አገር፣ ጋርላንድና ሮውሌት የሚባሉትን ከተሞች አልፋችሁ ሐይቁን ስትሻገሩ፣ ስሟን ብጠራላችሁም የማታውቋት አንዲት የገጠር ከተማ አለች። ጥጥ ባለጸጋ ያደረጋት፣ ጥጥ ሲቀር የቀረች ከተማ ናት። በድሮ ጊዜ ሱቆቿ ሁሉ የእንጨት ነበሩ አሉ። አንድ ቀን እሳት ተነሳና ሱቆቹን በላ፤ የእሳት ማጥፊያውን ጋሪም ከነመጠለያው በላው። እሳት ካየው ምን ለየው! ከዚያ በኋላ ነው የከተማዋ ሰዎች ተማክረው ጣቢያቸውን በቀይ ጡብ የሠሩት። አሁን ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በበሩ ጎንም ይህንኑ የሚናገር የብረት ሰሌዳ ተሰክቷል።

ሕንፃውን ላየው ሰው ጡቡም፣ መስኮቱም፣ በሩም የተሠራው ለጥድፊያ ነው። ሁለቱ ሰፋፊ በሮች በአንድ ግፊት ይከፈታሉ። ፎቁ ላይ ተረኞች የሚተኙበት ክፍል አለ፤ ደረጃ መውረድ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ወለሉ ተበስቶ የናስ ምሰሶ ቆሞለታል፤ ሰውየው ምሰሶውን አቅፎ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከጀርባ ያለው ግንብ እርጥብ የሸራ ቱቦ እየተሰቀለ የሚደርቅበት ነው፤ ጫፉ ላይ ደወል አለ። የምድር ቤቱ ወለል ደግሞ የመኪናው እጣቢ እንዲወርድ ከዳርና ከዳር ወደ መሃል ያዘነበለ ነው። በዚህ ምክንያት ወንበር ደርድራችሁ ስትቀመጡ ሁላችሁም ሳታስቡት ወደ መሃል ታጋድላላችሁ።

እናንተን እዚያ ምን አገባችሁ ትሉኝ ይሆናል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እዚህ አገር የገደደን እንባው ሳይሆን ማልቀሻው ነው። አንድ ጊዜ ጋርላንድ ውስጥ በአንድ አፓርትማ መርዶ ስናረዳ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ ገብተው ያዩት ፊቷን ልትነጭ የምትታገል ሴትና እጇን ግጥም አድርገው የያዙ ወንዶችን ነው። ጉዳዩን ማስረዳቱ የፈጀብንን ጊዜ ተዉት። ከዚያ ወዲህ የስደተኞች መረዳጃ ማኅበራችን ጩኸት የማይከለከልበት ቤት ሲያፈላልግ ይህን ጣቢያ አገኘ። ከተማዋ አዲስ ጣቢያ ሠርታ አሮጌውን ለስብሰባ ታከራየው ነበር። ሚስማር መምታት ክልክል ነው፣ የበሩን ቀለም መለወጥ ክልክል ነው፣ ምሰሶውን መንካትም አይወደድም። ማልቀስ ግን የከለከለ የለም።

ቁልፉን የያዙት ሚስተር ሆሊስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያው ጣቢያ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ነበሩ። መጀመሪያ ቤቱን ሲያስጎበኙን አንድ የጣቢያውን ደንብ ነገሩን።

«ደወሉ ሲደወል የሚቃጠለው ቤት የማን እንደሆነ የሚያውቁት አለቃውና ሾፌሩ ብቻ ነበሩ። ከኋላ ለተንጠለጠልነው አይነገርም።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«የራሱ ቤት መሆኑን ያወቀ ሰው ዘሎ ይወርዳል፤ ይሰበራል። ለማንም አይጠቅምም።»

ይህን ለጋሽ ወርቁ ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ወርቁ የማኅበራችን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የመርዶ ሁሉ አለቃ ናቸው። ፊታቸው በራ። «አየህ፣ እነሱም መርዶ ያውቃሉ» አሉኝ።

የበላይነሽ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በላይነሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ደሴ ላለች እናቷ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ሞተች። ወሬው ለጋሽ ወርቁ ደረሳቸው፤ እሳቸውም «የነርስነት ፈተና አለባት፤ ትፈተን» አሉ። ተፈተነች፤ አለፈች። ከዚያ የሥራ ተራዋ አልመች አለ። ከዚያ የከተማዋ ሴቶች የሰፉትን ብርድ ልብስ ሊያሳዩ ጣቢያውን ያዙት። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። እኛም በየተራ ምስር ወጥ እየያዝን እንጠይቃት ጀመር፤ ጤነኛ ሰው በምስር ወጥ ሲጠየቅ ምን እንደሚያስብ ያሰበልን የለም።

በዚያ መሃል አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ለእማዬ ጫማ ልገዛላት ነው፤ ራይድ ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። ወሰድኳት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ጥቁር ጫማ ይዛ ቆመች።

«እግሯ ያብጣል። ሰፋ ያለው አይሻላትም?»

«ሰፋ ያለው ይሻላል» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ጫማውን ተሸክሜላት ወጣሁ። ያን ቀን በራሴም በጋሽ ወርቁም በባህላችንም አፍሬ ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማለዳ «ስብሰባ አለ» ብለን ጣቢያው አመጣናት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። መሃል አስቀመጥናት። ወለሉ ስለሚያጋድል ሁላችንም ወደ እሷ አዘነበልን። ጋሽ ወርቁ ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ በላይነሽ፣ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም መንገደኛ ነው…»

«ይበቃል፣ ጋሽ ወርቁ። አይድከሙ» አለች። ካፖርቷን ፈታች። ከውስጥ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

ጋሽ ወርቁ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከፈተናው በፊት ነው ያወቅኩት» አለች። «ቤት ኮል ሳደርግ አክስቴ አነሳችው። ድምፄን ስትሰማ ቤቱ ሙሉ ሰው ጸጥ አለ። ሶ፣ ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኳችሁ። ፊቴን ማየት ስትተዉ ደግሞ አረጋገጥኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽን?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ለራሱ መርዶ የሚያረዳ ሰው አለ እንዴ? ብቻዬን አፓርትማ ውስጥ ባለቅስ ማን ይይዘኛል? ደግሞ፣ ማለቴ… እስክትነግሩኝ ድረስ እማዬ ደህና ነበረች። ጫማም ገዛሁላት።» ወደ እኔ ዞረች። «ስትመርጥልኝ አሳዘንከኝ።»

ከዚያ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ለሳምንታት የታመቀው ሁሉ በምሰሶው ቀዳዳ ወደ ፎቁ፣ ከፎቁ ወደ ግንቡ ወጣ። ሴቶቹ ያዟት። እኔ መያዝም መቆምም አቅቶኝ ወደ በሩ ሄድኩ።

ሚስተር ሆሊስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዞር ብለው የብረት ሰሌዳውን አዩ።

«መኪናው ላይ አንድም ሰው ፊቴን አላየኝም» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«የእኔ ቤት ነበር። አጠገቤ የተንጠለጠለው ጎረቤቴ ጭሱን ከእኔ ቀድሞ አይቶ ፊቱን ወደ ጥጡ እርሻ ሲያዞር አወቅኩ። ሚስቴና ልጄ ውስጥ ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን አልዘለሉም?»

«ካልዘለልኩ የሌላ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል ብዬ» አሉኝ። ባርኔጣቸውን ደፉና ቱቦ ወደሚደርቅበት ግንብ በኩል ሄዱ። ሰሌዳውን እኔም አነበብኩት፤ ስለ ጡቡ፣ ስለ ግንቡና ስለ ደወሉ ብዙ ይላል። ስለዚህ ግን ምንም አይልም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከእንግዲህ መርዶ ሳይውል ሳያድር ይነገር ብለን ወሰንን። ሐሳቡን ያቀረቡት ራሳቸው ጋሽ ወርቁ ናቸው። አጨበጨብን።

ይህ ከሆነ ከራርሟል። ባለፈው ሰኞ ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝና «ቅዳሜ ማለዳ ጣቢያው ስብሰባ አለን፤ እንዳትቀር» አሉኝ። ስብሰባችን ሁልጊዜ እሁድ ከሰዓት ነው። ማክሰኞ በላይነሽ ምስር ወጥ ይዛልኝ መጣች፤ ስታቀብለኝ የምታየው ጫማዬን ነበር። የአባቴ ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል። ደብረ ብርሃን መደወል እችላለሁ፤ የስልክ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። አልደወልኩም። ጥቁር ሸሚዜን ግን አጥቤ ሰቅያለሁ፤ ለጋሽ ወርቁም «ኦኬ፣ እመጣለሁ» ብያቸዋለሁ።

ዛሬ ገና ሐሙስ ነው። እስከ ቅዳሜ አባቴ ደህና ነው።