ሺህ ዓመት በምሳ ሰዓት

ሰሞኑን አንድ መጽሐፍ ካነበበ ሰው ጋር ምሳ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ውጭ አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ፋብሪካ ስሠራ ታደለ የሚባል እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበረኝ። ከላይብረሪ የቬትናምን ታሪክ ተውሶ ማንበብ ሲጀምር እንቅልፍ አጣሁ። አብሮን የሚበላው ሚን ቬትናማዊ፣ ሱፐርቫይዘራችን ሚስተር ዎንግ ደግሞ ቻይናዊ ነበሩና።

የፈራሁት አልቀረም። አራታችንም አንድ ጠረጴዛ ከብበን ሳለ ታደለ፣ «ሚን፣ የቻይና ነገሥታት በድሮ ዘመን ሺህ ዓመት ያህል ገዝተዋችኋል አይደል?» ሲል ጠየቀ።

ጉርሻዬን ሳህኔ ላይ መለስኩ። እኔና ታደለ ከሥራ ብንባረር ማን ሊቀጥረን ነው?

«ገዝተውናል» አለ ሚን ቀስ ብሎ። «በኋላ ግን አባረናቸዋል።»

«ጽሕፈትም አስተምረናችኋል» አሉ ሚስተር ዎንግ።

«ግብርም አስገብራችሁናል።»

ተያዩና ሳቁ። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሚስተር ዎንግ ወደ እኛ ዞረው፣ «በእናንተ አገርስ ማን ማንን ገዛ?» አሉ።

እኔና ታደለ እኩል መለስን፤ መልሳችን ግን ለየቅል ነበር። ሚንና ሚስተር ዎንግ ሊገላግሉን ሲደክሙ የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ታደለ ከሾፌሩ ጀርባ፣ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥን። መንገዱን ሁሉ ያስጨነቀኝ ነገ ከማን ጋር ምሳ እንደምበላ ነበር።