በሚዛን የተመረጠ ቱርቦ

የሰው ልጅ ብዙ ታላላቅ ጥያቄዎች ነበሩት። ለአንዳንዶቹ ሊቃውንት መልስ ሰጥተዋል፤ የቀሩት ዛሬም በእንጥልጥል ላይ ናቸው። ለአንዲት ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ምን ዓይነት ቱርቦ እንደሚገባት ግን የእኛ መስሪያ ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ቁርጡን አሳውቋል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝና ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። በእኛ ቤት መጨመርም መቀነስም ያስቀጣል።

መስሪያ ቤታችን የሚዛንና የመስፈሪያ ቁጥጥር ነው። የእኛ ማኅተም ያላረፈበት ኪሎ፣ ኪሎ አይባልም። የገበያ ቁጥጥሩን ክፍል የሚመሩትን አለቃዬን ነጋዴው ሁሉ «ጋሽ ግራም» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው የአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን አራት ግራም ጎድሎ በመገኘቱ ሱቋን ያሸጉባት ዕለት ነው። ሲጠሩበት የሚቆጡ ይመስላሉ እንጂ ደስ ይላቸዋል። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጉቦ አያውቁም፤ አያረፍዱም፤ የሻይ ስኳራቸውን እንኳ ማንኪያው አፍ ላይ በቢላ ጀርባ አስተካክለው ነው የሚጨምሩት።

እኚህ ሰው ሃምሳ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ቀይዋን መኪና ገዙ። ለምን እንደገዙ የጠየቃቸው የለም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ስለ ቀይ መኪና አይጠየቅም። መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ከፋብሪካ ስትወጣም የራሷ ቱርቦ ያላት ናት። ቱርቦ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ለዚያው ሞተር መልሶ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። አየር በደንብ የጎረሰ ሞተር ነዳጁን በደንብ ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ባጭሩ ተጥሎ የሚቀረውን ጭስ ሥራ የሚያስይዝ መሣሪያ ነው። በእኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ስለማያውቅ ሁላችንም በአድናቆት ነበር የሰማነው።

ነገሩን የጀመረው የጋሽ ግራም ሚስት ወንድም ነው። ይህ ወጣት መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በስልኩ ስለ መኪና ስለሚመለከት በቤተሰቡ ውስጥ ባለሙያ ተብሎ ተሹሟል። አንድ እሑድ ቀይዋን መኪና ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የጎረምሳ ደረት ላይ የሕፃን ሳንባ ነው የተገጠመላት» አላቸው። ጋሽ ግራም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ይባላል።

በማግስቱ ወደ ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ «ዝምተኛው» የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቃቸው። አንደኛ፣ የሞተሩ ውስጥ ዕቃ ተጨማሪ ጉልበት የሚችል ይሁን አይሁን የተመረመረ እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ጉልበቱን የሚፈልጉት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነው ወይስ በከፍተኛ። መልስ ሲያጣ ራሱ መለሰው። ትልቅ ቱርቦ ለማሽከርከር ብዙ ጭስ ስለሚፈልግ ሞተሩ እስኪጮህ ድረስ ይተኛል፤ ለከተማ መንገድ ከፋብሪካው ትንሽ ከፍ ያለ፣ መካከለኛ ቢሆን ቶሎ ይነቃል፤ ሞተሩም አይጎዳም አላቸው።

ጋሽ ግራም መካከለኛ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነበር የቆጠሩት። ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን ሲፈትሹ፣ ልክ የሆነና ልክ ያልሆነ እንጂ መካከለኛ የሆነ አጋጥሟቸው አያውቅም። ደግሞም አንድ መካኒክ ብቻውን ተነስቶ የሚወስነው ጉዳይ አልመሰላቸውም። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ራሳቸው፣ የቴክኒክ አማካሪ የሚስታቸው ወንድም፣ ጸሐፊ እኔ። አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ቱርቦ «ለማየት ብቻ» ብሎ አዋሰን። ሻጩ በየዓመቱ ሚዛኑን የምንፈትሽለት ሰው ስለሆነ ትብብሩ ከልብ ነበር።

ስብሰባው የተካሄደው በእኛው የመፈተሻ ክፍል ነው። አማካሪው ከስልኩ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አነበበልን። የግፊት መጠን፣ የክንፍ ስፋት፣ የሙቀት ልክ እያለ ሲዘረዝር ሰብሳቢው በጥሞና ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሲጨርስ የገባው ሰው አልነበረም፤ አንባቢውን ጨምሮ። ያኔ ጋሽ ግራም ከወንበራቸው ተነሱ። አንድ ተቋም ሲቸገር ወደ ተቋቋመበት ዓላማ መመለስ እንዳለበት፣ የእኛም ዓላማ መመዘን እንደሆነ አስረዱ። ከዚያ ሦስቱም ቱርቦዎች ሚዛን ላይ እንዲወጡ አዘዙ።

ወጡ። ትንሹ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ መካከለኛው ሰባት ኪሎ ከሰማንያ፣ ትልቁ አሥራ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ስልሳ ግራም ሆነ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ትልቁ ቱርቦ ከተፎካካሪዎቹ በማያሻማ ልዩነት በልጦ ስለተገኘ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል» ብዬ ጻፍኩ።

ከመጻፌ በፊት እጄን አውጥቼ፣ ፍጥነት ከክብደት ጋር ምን እንዳገናኘው ጠይቄ ነበር።

«ሚዛን ዋሽቶ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«ታዲያ?»

ሙሉ ድምፁ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ቱርቦው ከሻጩ ተገዝቶ፣ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። እውነቴን ነው የምለው፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ስልሳ ግራም ለመመዘኑ በዓለም ላይ የምስክር ወረቀት ያለው ቱርቦ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዝምተኛው ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አላቸው። ቱርቦው የሚነቃው የሞተሩ ዙር ከአምስት ሺህ ሲያልፍ ብቻ እንደሆነም ነገራቸው። ጋሽ ግራም ግጠም አሉት፤ ገጠመ። ቦታው አልበቃ ስላለ ኮፈኑ ተበሳ፤ ያም ሆኖ አፉን ገርበብ አድርጎ ቀረ።

ከጋሽ ግራም ቤት እስከ ቢሮ አራት ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዱ ላይ አሥራ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ሁለት የትራፊክ መብራትና አንድ የማያልቅ የውሃ ቧንቧ ቁፋሮ አለ። ከአንዱ ጉብታ ተነስቶ ሞተሩ ሦስት ሺህ ዙር ሲደርስ ሌላው ጉብታ ከች ይላል። ስለዚህ ቱርቦው ጠዋት እንደተኛ ወደ ቢሮ ይመጣል፤ ማታ እንደተኛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መኪናዋ ድሮ የነበራት ትንሽ ቅልጥፍናም አብሮ ጠፋ። ጎረቤት ስለሆንን አብሬያቸው ነው የምሄደው፤ ላጽናናቸው ብዬ አንድ ጠዋት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳቸው። እስከ ምሳ ሰዓት አላናገሩኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ከኋላችን «ለማጅ» ተብሎ የተጻፈበት መኪና መጣ። ነጂዋ አንዲት ሴት ነበረች። መስታወቷን አየች፤ እንዳስተማሯት ምልክት አሳየች፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳጣበቀች አለፈችን። ጋሽ ግራም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠውት ነበር። እኔም ወደ ጎን እያየሁ ሱቅ መቁጠር ጀመርኩ።

በዚያ ቀን ከሥራ በኋላ የሚፈረም ደብዳቤ ይዤ ቤታቸው ስሄድ፣ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ነጭ ጋወናቸውን እንደለበሱ መጥተው አጠገባቸው ገቡ።

«ለማጅ ቀደመችህ አሉ» አሏቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። ጥርሷን ልትታይ መጥታ ነበር። ቀይ መኪና ተበላሽቶ ሲንፏቀቅ አይታ አሳዝኗታል።»

ጋሽ ግራም መሪውን በጨርቅ መወልወል ያዙ። ሚስታቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ጥርስ ሲተክሉ የሰውየውን አፍ ለክተው እንጂ ከመሳቢያው ውስጥ ትልቁን ጥርስ ፈልገው እንዳልሆነ በእርጋታ ነገሯቸው።

«ተመዝኗል እኮ» አሉ ጋሽ ግራም፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሴትየዋ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። ጋሽ ግራም ደብዳቤዬን ሳያነቡ ፈረሙ፤ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው የመጀመሪያው ነበር። ሰኞ ጠዋት ዝምተኛው ዘንድ ሄደን ይሄን ነገር እናስወልቃለን አሉኝ። ትልቅ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል እንዴት እንደሚያምር ያን ጊዜ አየሁ።

ሰኞ ሳይደርስ ግን ቅዳሜ መጣ።

ቅዳሜ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራው የጭነት መኪናዎች መመዘኛ የሚመረቅበት ቀን ነበር። ዋና ዳይሬክተሩ ሪባን ሊቆርጡ ከቢሮ ሊነሱ ሲሉ መኪናቸው አልነሳም አለ። እንግዶቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ዙሪያቸውን ሲቃኙ ዓይናቸው ቀይዋ መኪና ላይ አረፈ። «ያንተ ፈጣን ነው አሉ፤ ውሰደን» ብለው ከፊት ገቡ። እኔ መቀሱን በትሪ ይዤ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ ከኋላ ተወሸቅኩ።

ከተማውን እስክንወጣ ሦስት ጋሪ ቀደመን።

«ቆምን እንዴ?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«አልቆምንም ጌታዬ። ቱርቦው እየተዘጋጀ ነው።»

በዝግጅት ላይ ነው የሚለውን አነጋገር ዋና ዳይሬክተሩ ራሳቸው ለሠላሳ ዓመት ሲጠቀሙበት ስለኖሩ ሌላ ጥያቄ አላነሱም።

ከከተማው ጫፍ በኋላ መንገዱ ቀጥ አለ። ጉብታ የለ፣ መብራት የለ፣ ቁፋሮ የለ። ጋሽ ግራም በማርፈዳቸው ጨንቋቸው ነዳጁን ረገጡ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር አንድ ፉጨት ተሰማ፤ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ የእኔም ጭንቅላት ከኋላ መስታወት ጋር ተዋወቀ። የዋና ዳይሬክተሩ ንግግር ከእጃቸው አምልጦ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ወረቀቱን ስገነጥል የእንግዶቹ ድንኳን፣ የሙዚቃ ጓዱና ሪባኑ እየሮጡ ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ጋሽ ግራም ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ነበር የያዙት። ሪባኑን በደረታችን በጥሰን፣ ልክ በአዲሱ ሚዛን መሐል ላይ ቆምን።

ማንም ሰው አልተጎዳም። የጋሽ ግራም ከንፈር አመድ መስሎ ነበር። «ጌታዬ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻዬን ዛሬውኑ አስገባለሁ» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ያገለገለ ሰው በአንድ ፉጨት ሲያልቅ እያየሁ አዘንኩ።

ዋና ዳይሬክተሩ ከመኪናው ወረዱ። ኮታቸውን አስተካከሉ። የሚዛኑ ሰሌዳ ላይ አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ ኪሎ የሚል ቁጥር በርቷል። ቁጥሩን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ።

«ሚዛኑ ይሠራል» አሉ።

ጭብጨባው ድንኳኑን አነቃነቀው። ዋና ዳይሬክተሩ ቀጠሉና፣ መቀስ ያለፈበት አሠራር መሆኑን፣ ተቋሙም ምረቃንና ፍተሻን በአንድ ጊዜ በማካሄድ ቀዳሚ መሆኑን አብራሩ። መቀሱ እኔ ጋር በትሪው ላይ ነበር።

ሰኞ ጋራዥ አልሄድንም፤ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ግራም ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። የመስሪያ ቤቱ መኪናዎች በሙሉ ትልቁ ቱርቦ እንዲገጠምላቸው፣ አፈጻጸሙንም እሳቸው እንዲመሩ፣ ቀይዋም መኪና «ባለችበት ሁኔታ ለአርአያነት እንድትጠበቅ» ታዘዘ። ጋሽ ግራም ደብዳቤውን አንብበው እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጡ። እንኳን ደስ ያለዎት የሚለው ሰው በበዛ ቁጥር አንገታቸው እያጠረ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ግን ቻሉት ያልኳቸው ሰውዬ አልቻሉም። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደብዳቤው የፈለገውን ይበል፣ መካከለኛውን አስገጥማለሁ ብለው ወደ ዝምተኛው ጋራዥ ይዘውኝ ሄዱ። ከበሩ ስንገባ የዋና ዳይሬክተሩ ጥቁር መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። እሳቸው ራሳቸው በተገለበጠ ጎማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ዝምተኛው የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ የገጠመውም መካከለኛዋን ነው።

የጋሽ ግራም ፊት በራ። «ጌታዬ፣ እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት» አሉ።

«አንተማ አይሆንም። ደብዳቤ ወጥቶብሃል።»

«ትልቁ እኮ አይነቃም ጌታዬ። አይሠራም።» ለመጀመሪያ ጊዜ በአፋቸው ሲሉት ሰማሁ፤ ያሉትም ሊነገረው ለማያስፈልግ ሰው ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ ከጎማው እየተነሱ። «ተቀምጬበታለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለሁሉም መኪና ለምን ይገጠማል?»

ዋና ዳይሬክተሩ በትዕግሥት፣ አዲስ ሹም እንደሚያስተምር ሰው ተመለከቷቸው። «ትልቁ ለሪፖርት ነው» አሉ። «እኔ ግን ስብሰባ አለብኝ።»

ኮፈኑን ዘጉት፤ ገጠመ። ጥቁሩ መኪና ከጋራዡ ወጥቶ ከመንገዱ መታጠፊያ ዓይናችንን እንኳ ሳናርገበግብ ተሰወረ። እኛም ቀይዋን አስነስተን ተከተልናቸው። ማለቴ፣ ለመከተል ዝግጅት ጀመርን።