የፊንታን አራት ድንጋዮች

(በምዕራብ አየርላንድ፣ ባሕር ዳር ያለች መንደር። ማለዳ ነው። ፊንታን ከሣር ቤቱ በስተምዕራብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ጎረቤቱ ማላኪ ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል።)

ፊንታን፦ ፍየል ነው እያልክ አታድርቀኝ! ይህን የሚያህል ድንጋይ ፍየል አይገፋም!

ማላኪ፦ የብሪጂድ ፍየል ግን እኮ ጉልበተኛ ናት።

ፊንታን፦ አንተ ደግሞ! ልሠራ ባሰብኩት ክፍል አራቱም ማዕዘን ላይ አራት ድንጋይ አስቀምጬ አደርኩ። ባሉበት ካደሩ፣ የጉብታው ሰዎች፣ እነዚያ ከጉብታው ሥር የሚኖሩት መናፍስት፣ ፈቅደዋል ማለት ነው። ከተነቃነቁ፣ መንገዳችን ላይ ነህ፣ ዞር በል ማለታቸው ነው። ይህን እንኳ አታውቅም?

ማላኪ፦ በእነሱ አላምንም ትል አልነበር?

ፊንታን፦ አላምንም! ግን ከእነሱ ጋር ማን ይጣላል?

ማላኪ፦ እና ዛሬም ተነቃነቁ?

ፊንታን፦ መነቃነቅ ትለዋለህ? ሁለቱ ቦይ ውስጥ ናቸው! ትናንትም እንዲሁ። ልጄ ሙሽሪቱን ይዞ ሊመጣ ነው፤ የት ላስተኛቸው? ከላሟ ጋር?

ማላኪ፦ (ወገቡን እያሸ) ላሟ እንደሆነች አታንኮራፋም።

ፊንታን፦ እኔ እዚህ ተጨንቄ አንተ ትቀልዳለህ!

ማላኪ፦ እኔማ ለምኜህ ነበር። እዚህ ላይ ከሠራህ መስኮቴ ይደፈናል። ሚስቴ ኡና ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማወራው ከባሕሩ ጋር ነው።

ፊንታን፦ ከባሕር ጋር! አይ ማላኪ፣ አንተ እኮ የዋህ ነህ። ለመስኮት ብዬ የልጄን ቤት ላስቀር? ያንተን መስኮት ማን ይፈራል? እነሱን ነው እንጂ።

ማላኪ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን በምሥራቅ በኩል አያልፉም ይባላል።

ፊንታን፦ ማን አለ?

ማላኪ፦ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና።

ፊንታን፦ በምሥራቅማ ድንቼ አለ። (ያስባል) ድንቹ ይነቀላል! አየህ፣ ጭንቅላት ማለት ይህ ነው! ይህን አንተ መቼም አታስበው።

ማላኪ፦ ከየት አምጥቼ!

ፊንታን፦ እዚያም ቢነቃነቁስ?

ማላኪ፦ አይነቃነቁም። በቃ፣ ግንባታውን ጀምር።

ፊንታን፦ (አንዱን ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ያቃስታል) ኧረ ይህ ነገር ይከብዳል! ና እንጂ፣ አንዱን እንኳ ያዝልኝ!

ማላኪ፦ (ወገቡን ደግፎ ወደ መስኮቱ እየሄደ) ተወኝ ወንድሜ፣ እኔ የድርሻዬን ማታ ተሸክሜያለሁ።