መዝሙር ሲጀመር የሚወጡ ሰዎች

በድራማ መሃል መዝሙር ሲጀመር ተነስቶ የሚወጣ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አግብቼዋለሁ። ባለቤቴ "ወሬው ሲቀጥል ጥሪኝ" ብሎ ይወጣና ሲመለስ "እነዚህ ደግሞ መቼ ታረቁ?" ይለኛል። በመዝሙሩ ነዋ! ስንት ዓመት ላስረዳው?

ባለፈው እሁድ እዚህ ጭሮ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ድራማ፣ ልጃችን ቤቷን ጥላ የኮበለለች ልጅ ሆና ተጫወተች። ንግግር አልተሰጣትም፤ አባቷን ይቅርታ የምትጠይቀው በመዝሙር ብቻ ነው። "አባዬ ይሰማኛል?" እያለች ሰንብታ ነበር።

ከበሮው ሲመታ ባለቤቴ ተነሳ። ልጄ ከመድረኩ አየችው፤ ዜማውን ሳትሰብር "አባቴ ሆይ፣ እባክህ ተቀመጥ" ብላ ጨመረችበት። ከኋላው የነበረች ጎረቤታችን ጋቢውን ጎተት አድርጋ "ጋሼ፣ እርስዎን እኮ ነው!" አለችው። ቁጭ ሲል፣ ልጄ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት። ተመስገን።